ቤት ስለ ማሠራትና ስለ አርክቴክት ጥቅም

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጉት ነገሮች ምግብ፥ ልብስና ቤት መሆናቸው የታወቀ ነው። ከነዚህም ከሦስቱ ምግብ ቢበላሽ በማግሥቱ ሌላ ይሠራል፤ ልብስም ቢጠብ ለታናሽ ይተላለፋል። ቤት ግን አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ጥፋቱ ከባለቤቱ ጋራ አብሮ ይኖራል፤ ባለቤቱ ቢሞትም ለልጆቹ ይወረሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን፥ ሲታመም ሐኪም፥ ሲከሰስ ጠበቃ የሚፈልግ ሰው ቤት ለማሠራት በተነሣ ጊዜ የዕድሜ ልኩን ገንዘብ በእጁ ይዞ፥ «የአጎቴን ልጅ ቤት የሠራ ጥሩ ሰው አለ» ወደ ተባለለት ሰው ሲሮጥ እናያለን።

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። ስሕተቱን የሠራነው ራሳችን ስለ ሆንን፥ የደረሰብንን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበን ነው እንጂ።

በ2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ ዳር አንድ ቦታ አገኘን። ቦታው ለጥ ያለ ሜዳ፥ አፈሩ ጥቁር፥ በበጋ ሲያዩት ልብን ደስ የሚያሰኝ ነበር። ለፈቃድ የሚቀርበውን ፕላን ሌላ ሰው በሌላ ስፍራ፥ በድንጋያማ ተዳፋት ላይ ካሠራው ቤት ላይ አስገለበጥነው። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን። ሥራውንም ለአንድ ግንበኛ ሰጠነው፤ ስሙን አንጠራም፤ ክፉ ሰውም አልነበረም። የገነባው ግንብ በቱምቢ ሲለካ ፀጉር ታህል አይዘነብልም ነበር። ክፍሎቹ እንዴት እንደሚደለደሉ ብንጠይቀው በእንጨት ጫፍ መሬቱን እየጫረ፥ «ይህ ሳሎን ነው፥ ይህ መኝታ ነው፥ ደረጃው በዚህ ይወጣል» አለን። እኛም በቆሎ ተማሪነታችን ዘመን ከጓደኞቻችን ጋራ ጎጆ የቀለስን፥ በኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ጂኦሜትሪ የተማርን ስለ ሆንን፥ ለአንድ ቤት የሚበቃ ዕውቀት ያለን መስሎን ዝም አልን።

መሠረቱ በመጋቢት ወር 2008 ዓ.ም. 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቈፈረ። ወሩ በጋ ስለ ነበረ አፈሩ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበርና፥ ግንበኛው በዶማው እየመታ፥ «ይኸውልዎ ጌታዬ፥ ዐለት ነው» አለን። አመንነው። ባለ አንድ ፎቁ ቤት ተፈጽሞ በመስከረም ስንገባበት ዘመድ ሁሉ መጥቶ መረቀን።

በተከታዩ ዓመት ክረምት በሮቹ አልዘጋ አሉ። አናጢ ጠርተን አስላግናቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ምድሩ ሲደርቅ ከመስኮቶቹ ማዕዘን እየተነሣ ወደ ጣራው የሚሄድ ስንጥቅ በግድግዳው ላይ ታየ፤ በአንዳንዱም ስፍራ ሳንቲም ይገባበት ነበር።

ይህ ጥቁር አፈር በአገራችን ዋልካ፥ በሌላም ስፍራ መረሬ ይባላል። በውስጡ ያለው ደቃቅ ሸክላ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኰማተራል። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ በእርሻው ላይ የሚያይ ገበሬ ይህን ጠባዩን በሚገባ ያውቀዋል። በአዲስ አበባም በተለይ በቦሌና በአቃቂ በኩል ባለው ሜዳ ይህ አፈር ብዙ ነው። ቤት በተሠራበት ጊዜ ከወለሉ ሥር ያለው አፈር እርጥበቱን እንደ ያዘ ይቈያል፤ ከግድግዳው ውጭ ያለው ግን በየክረምቱ ያብጣል፥ በየበጋው ይኰማተራል። ስለዚህ ቤቱ በአንድ ወገን ሲነሣ በሌላ ወገን ይወርዳል፤ ግንብም እንደ ልብስ አይለጠጥምና ይሰነጠቃል። አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ፥ በአንድ ቀን የሙከራ ጉድጓድ አስቈፍሮ የዋልካውን ጥልቀት ይለካ ነበር። ዋልካው ቀጭን ቢሆን አስወግዶ በገረጋንቲ ይተካዋል፤ ጥልቅ ቢሆን መሠረቱን እስከ ጽኑው መሬት ያወርደዋል፥ ወይም መሐንዲስ ጠርቶ ሌላ ብልሃት ያስበጃል። ግንበኛችን የመታው ዐለት በሰኔ ጭቃ ሆነ።

ስንጥቁን በኖራ ደፍነን ልንኖር በቻልን ነበር። የደረጃው ነገር ግን ሌላ ነው።

እናታችን ከፎቁ ላይ በምዕራብ በኩል ባለው ክፍል ይተኙ ነበር። በጥር ወር 2010 ዓ.ም. አንድ ምሽት ወደ ክፍላቸው ሲወጡ በመጨረሻው ደረጃ ላይ እግራቸው ተደናቅፎ ወደ ኋላ ወደቁ፤ የዳሌ አጥንታቸውም ተሰበረ። ሦስት ወር ከአልጋ አልወረዱም። ጠያቂ ሁሉ እየመጣ ምን አገኘዎ ሲላቸው፥ «ምን ያገኘኛል፤ አርጅቻለሁ፥ እግሬ ከዳኝ» ይሉ ነበር። እኛም አመንናቸው።

ከዕለታት አንድ ቀን ግን ትንሹ ልጃችን በዚያው ስፍራ ሲደናቀፍ አየንና ሜትር ይዘን ደረጃውን ለካነው። ግንበኛው 16ቱን ደረጃዎች እያንዳንዳቸውን 17 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አድርጎ ሠርቶ ነበር፤ ከፎቁ ወለል ሲደርስ የተረፈው ግን 22 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ፥ ያንኑ የመጨረሻ ደረጃ አደረገው። የሰው እግር ሁለትና ሦስት ደረጃ ከተራመደ በኋላ ልኩን ይይዛል፤ ከዚያ ወዲያ ዓይን አያይለትም። ጠቅላላው ከፍታ 294 ሳንቲ ሜትር ነበር። ይህን ለ17 ደረጃ ቢያካፍሉት እያንዳንዱ 17 ሳንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ እኩል ይወጣ ነበር። የማካፈል ሂሳብ የጀመረ ሕፃን የሚሠራው ነው። ነገር ግን ሂሳቡ ሊሠራ የሚቻለው ደረጃው ገና በወረቀት ላይ ሳለ ነው፤ ድንጋዩ ከተደረደረ በኋላ የሚተርፈው ይተርፋል። እናታችን ሦስት ወር ሙሉ በራሳቸው ላይ የፈረዱበት ጥፋት የእኛ ጥፋት ነበር።

በአልጋቸው አጠገብ ተቀምጠን ሳለ በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን የጻፍናቸው መዝገቦች ትዝ አሉን። በአንድ ወቅት ቤት አሠሪና ሠሪ ተካስሰው ቀረቡ። ውላቸው ሲነበብ «አራት ክፍል ያለው ጥሩ ቤት» ይላል። ከሳሽ ቤቱ ጥሩ አይደለም አለ፤ ተከሳሽም ጥሩ ነው አለ። ዳኛው፥ «ጥሩ ማለት በሜትር ስንት ነው?» ብለው ቢጠይቁ ሁለቱም ዝም አሉ፤ እኛም የምንጽፈው አጥተን ብዕራችንን አንሥተን ቈየን። ከዚያ በኋላ የመጡት ምስክሮች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቤት ልክ መሰከሩ። ያ ነገር ከሁለት ዓመት በላይ ተጓተተ። በሌላው መዝገብ ደግሞ ሦስት ወንድማማቾች የጋራ ቤት ሲያሠሩ የታናሽየው መስኮት በታላቅየው ጓዳ ትይዩ ወጥቶ ሚስቶቻቸው እስከ መኳረፍ፥ እነርሱም እስከ መካሰስ ደርሰው ነበር።

ፕላን ከሁሉ የሚሻል ምስክር ነው። የግድግዳው ውፍረት፥ የመስኮቱ ስፋት፥ የመሠረቱ ጥልቀት፥ የፌሮው ቍጥር ተጽፎበታል። ከእርሱም ጋራ የሥራው ዝርዝርና መጠን ይያዛል፤ ይኸውም ስንት ሜትር ኩብ አርማታ፥ ስንት ካሬ ሜትር ልስን፥ እያንዳንዱ በስንት ብር የሚለው ነው። ሠሪው ገንዘብ ሲጠይቅ አርክቴክቱ ሥራውን ለክቶ ይህን ያህል ተሠርቷል፥ ይህን ያህል ይከፈለው ብሎ ይፈርማል። ባለቤቱም የሚከፍለው ለተሠራው ነው፤ ለልመናና ለቍጣ አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ያህል ስለ ሥራው ጽናት ኃላፊ እንዲሆን አድርጓል፤ ጕድለቱ ከመሬቱ ጠባይ የመጣ ቢሆን እንኳ አያመልጥም። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን የእኛ ግንበኛ በዚያን ጊዜ ከከተማው ሄዷል፤ በስሙም አንድ ንብረት የለውም፤ ውላችንም አንድ ገጽ ነበረች። ሕግ ያውቃሉ የምንባል ሰዎች ክስ ሳናቀርብ ቀረን። በጥንቱ በባቢሎን ንጉሥ በሐሙራቢ ሕግ የሠራው ቤት ወድቆ ባለቤቱን የገደለ ግንበኛ በሞት ይቀጣ ነበር፤ ግድግዳው ቢያዘነብል ደግሞ በገዛ ገንዘቡ ያጸናው ነበር። ከዚህ ይልቅ እኛን ያስደነቀን ቪትሩቪየስ የተባለው የሮማ ሊቅ ስለ ኤፌሶን ከተማ የጻፈው ነው። በኤፌሶን የሕዝብ ሕንፃ የሚሠራ አርክቴክት አስቀድሞ ዋጋውን አስታውቆ ንብረቱን ለዳኞች በመያዣ ይሰጥ ነበር። በገመተው ከፈጸመ ይሸለማል፤ ከግምቱ እስከ አራተኛ እጅ ያህል ቢበልጥ ከሕዝብ ገንዘብ ይሞላለታል፤ ከዚያ ቢያልፍ ግን ከገዛ ንብረቱ ይከፈላል። ቪትሩቪየስም ምነው ይህ ሕግ ለሮማ፥ ለግል ቤት ሠሪዎችም ጭምር በሆነ ብሎ ተመኝቷል። እኛም ለአገራችን ብንመኘው በደል አይሆንብንም።

አንድ ሽማግሌ ወዳጃችን ይህን ሰምተው፥ «አባቶቻችን ያለ አርክቴክት ስንት ዘመን ኖረዋል አይደለምን?» አሉን። ነገሩ እውነት ይመስላል፤ ግን አይደለም። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የወቀሩ ሰዎች የሠሩት ከላይ ወደ ታች ነው። ግንበኛ ቢሳሳት ድንጋዩን አንሥቶ ሌላ ያኖራል፤ ከዐለት የሚወቅር ሰው ግን አንድ ጊዜ የፈለጠውን መልሶ ሊተክለው አይችልም። እንግዲህ መዶሻ ከማንሣታቸው በፊት ጣራውን፥ ዐምዱን፥ መስኮቱን፥ የዝናቡን ውኃ መውረጃ ሁሉ በልቡናቸው ፈጽመውት ነበር ማለት ነው። በአክሱምም 33 ሜትር ያህል ርዝመት፥ ከ500 ቶን በላይ ክብደት ያለው ታላቁ ሐውልት ወድቆ ተሰባብሮ ይታያል። ሊቃውንት እንደሚገምቱት ሲያቆሙት ወይም ካቆሙት ጥቂት ቈይቶ ሳይወድቅ አልቀረም፤ ለዚያ ክብደት መሠረቱ የማይበቃ መሆኑንም በምክንያትነት ያመለክታሉ። በአጠገቡ ያለው 21 ሜትር ያህል የሚሆነው ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። ዳግማዊ ምኒልክም የአራዳ ጊዮርጊስን ካቴድራል ሲያሠሩ ከአድዋ ምርኮኞች አንዱ የነበረውን ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ካስታኛን ነበር ያሠሩበት፤ ዕውቀት ከጠላት ወገን እንኳ ቢገኝ አልናቁትም።

ተራውም ሰው ጎጆውን በደቦ ሲሠራ የሚያዝ አንድ ሽማግሌ አይጠፋም ነበር። የትኛው እንጨት ምስጥ እንደማይበላው፥ ጭቃው ከጭዱ ጋራ ስንት ቀን መቡካት እንዳለበት፥ የሣሩ ክዳን ምን ያህል ቢሾል ዝናብ እንደማያሳልፍ ከአባቱ ተምሯል። በዚያ ቤት ላይ ባለሙያው እርሱ ነበር። ሲሚንቶና ፌሮ ግን ከአባት አልተወረሱም። የኛ ግንበኛ ለድንጋይ የነበረው እጅ ለአርማታ አልረዳውም፤ ይህንንም ከሰገነታችን እንደምንረዳው ወደ ፊት እንገልጻለን።

በሰኔ ወር 2010 ዓ.ም. በመጨረሻ አንዲት ወጣት አርክቴክት አስጠራን። የተማረችው በአዲስ አበባ በልደታ ባለው የሕንፃ ኮሌጅ ነው፤ ይህም ትምህርት ቤት በ1940ዎቹ ዓመታት የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተብሎ የተመሠረተው ነው። በመጣችበት ቀን ብርቱ ዝናብ ይጥል ነበርና እስኪያባራ ግቢ ብንላት፥ «እኔስ የመጣሁት ለዝናቡ ነው» ብላ ጃንጥላዋን ይዛ ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞረችው። ከጣራው የሚወርደው ውኃ አሸንዳ ስላልነበረው በቀጥታ በግድግዳው እግር ሥር ይወድቅ ነበር። በኋላ በወረቀት ላይ አስልታ አሳየችን። በአዲስ አበባ በዓመት የሚጥለው ዝናብ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ጣራችን 120 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ ወደ 144,000 ሊትር የሚጠጋ ውኃ፥ ይልቁንም በክረምቱ ወራት፥ ዋልካውን የምናጠጣው እኛው ራሳችን ነበርን። ለጥላ ብለን በግድግዳው አጠገብ የተከልናቸው ሁለት ባሕር ዛፎች ደግሞ በበጋ ያንኑ አፈር መጥጠው ያደርቁት ነበር።

ሰገነቱን ባየች ጊዜ ግን ፊቷ ተለወጠ። ከበታቹ ማንም እንዳይቀመጥ አዝዛ መሐንዲስ ይዛ ተመለሰች። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለቱን ሙያ ስለሚያደባልቅ መግለጽ ያስፈልጋል። አርክቴክት ቤቱ ለሚኖሩበት ሰዎች እንዴት እንደሚመች፥ ብርሃኑ፥ ነፋሱ፥ ክፍሉ፥ መልኩ እንዴት እንደሚሆን ያስባል፤ የሕንፃ መሐንዲስ ደግሞ ያ የታሰበው እንዳይወድቅ ክብደቱን ያሰላል። ሲሚንቶ ሲጫኑት ጽኑ ነው፥ ሲስቡት ግን ይበጠሳል፤ ፌሮ በውስጡ የሚገባው የሚሳበውን ወገን እንዲይዝ ነው። በሁለት ግድግዳ ላይ ያረፈ ሶሌታ የሚሳበው ከታች በኩል ነው። ከግድግዳ ወጥቶ በአየር ላይ የሚንጠለጠል ሰገነት ግን በተቃራኒው ከላይ በኩል ይሳባል። ግንበኛችን እንደ ለመደው ፌሮውን ከታች አስተኝቶት ነበር። ልጆቻችን ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የተጫወቱበት ሰገነት የቆመው እንዲያው በዕድል ነበር። ፈረሰ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወረቀት ታወጣለች ብለን ስንጠብቅ ወደ እናታችን ክፍል ገብታ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

«እማማ፥ ጠዋት ሲነሡ አስቀድመው የሚሄዱት ወዴት ነው?»

«ወደ ፀሐይ ነዋ ልጄ! ሌላ ወዴት እሄዳለሁ?»

«ቡናውንስ የት ሆነው ይጠጣሉ?»

«ደጁ የሚታይበት ቢሆን በወደድሁ። አሁን ግን እንዲህ ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ ነው።»

በዚያ ቤት ሲኖሩ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እኛም ልጃቸው ሆነን፥ ለክብራቸው ነው ብለን ከፎቅ ላይ፥ የጠዋት ፀሐይ ከማይደርስበት ከምዕራብ በኩል አስቀመጥናቸው። አርክቴክቷ በምድር ቤት በምሥራቅ በኩል ያለውን ክፍል ለእርሳቸው እንድንሰጥ አሳሰበች፤ ክፍሉ የእንግዳ ሳሎን ነበር። ባለቤታችን በዚህ ተቈጡ። አርክቴክቷም በትሕትና፥ «እትዬ፥ ለዚህ ሳሎን የሚበቃ እንግዳ በዓመት ስንት ቀን ይመጣል?» ብላ ጠየቀቻቸው። ባለቤታችን ፋሲካን፥ ገናን፥ ጥምቀትን፥ የልጆቹን ልደት በጣታቸው ቈጥረው ሰባት ቀን አገኙ። «እማማ ግን በዓመት 365 ቀን እዚህ ናቸው» አለች። ባለቤታችን ሳቁ፤ ነገሩም በዚያ አለቀ።

ወጥ ቤቱም እንዲሁ ተዛወረ። በአዲስ አበባ ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ ነፋስ የሚነፍሰው ከምሥራቅ በኩል ነው። የእንጀራ መጋገሪያችን በምሥራቅ ስለ ነበረ ጢሱ ሁሉ ወደ መኝታ ቤት ይገባ ነበር፤ ባለቤታችንም ሁልጊዜ ዓይናቸውን ያማቸው ነበር። በምዕራብ በኩል ከነጢስ መውጫው ተሠራ። እነሆ፥ ይህን ለማወቅ ደጅ ወጥቶ የባሕር ዛፉ ቅጠል ወዴት እንደሚያጋድል ማየት ብቻ ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ማየት ሥራው የሆነ ሰው አልነበረንም።

በአንድ ነገር ብቻ አልተስማማንም። እርስዋ የአጥሩ ድንጋይ ሳይለሰን እንዲታይ ፈለገች፤ እኛ ደግሞ ያላለቀ ሥራ መሰለንና አስለሰንነው። ልስኑ በየዓመቱ ይረግፋል። እስከ ዛሬ አላመንንላትም።

ስለ ገንዘቡ የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው። ለእርስዋና ለመሐንዲሱ የከፈልነው ለሳሎኑ ወለል ንጣፍ ካወጣነው ያነሰ ነበር። ደረጃውን አፍርሶ ለመሥራት፥ ሰገነቱን ለማንሣት፥ መሠረቱን ለማጽናትና ክፍሎቹን ለማዛወር ያወጣነው ግን ከመጀመሪያው ቤት ዋጋ እኩሌታ በላይ ሆነ። ያው ሰው ያንኑ ምክር መጋቢት 2008 ዓ.ም. ላይ ቢሰጠን ኖሮ የሚያስወጣን የወረቀቱን ዋጋ ብቻ ነበር።

አርክቴክት ነኝ የሚል ሁሉ አርክቴክት አለመሆኑን ደግሞ ማሳሰብ ይገባል። የሙያ ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም። አስቀድሞ የሠራውን ቤት፥ ይልቁንም ሁለት ክረምት ያለፈበትን ሄዶ ማየትና ባለቤቱን ማነጋገር ከማንኛውም ምስጋና ይበልጣል። ቦታውን ሳያይ፥ ቤተ ሰቡን ሳይጠይቅ የተዘጋጀ ፕላን ከመሳቢያው አውጥቶ የሚሸጥ ሰው ካለ፥ ከእኛ ከገልባጮቹ የሚለየው በማኅተሙ ብቻ ነው። ሥራውንም እስከ መጨረሻ እየመጣ ይቈጣጠር እንደ ሆነ፥ በወር ስንት ጊዜ እንደሚመጣም በውሉ ውስጥ ይጻፍ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕንፃዎችን በ«ሀ»፥ በ«ለ» እና በ«ሐ» ምድብ ከፍሎ ነበር፤ ትንንሹ የመኖሪያ ቤት የገባው በመጀመሪያው፥ ሕጉ እጅግ በማይጠብቅበት ምድብ ነበር። ብዙ ሰው ታዲያ ሕጉ ካላስገደደኝ ባለሙያ አያስፈልገኝም ይላል። ዋልካው ግን ምድብ አያውቅም። ለሙሉ ሥራ የሚከፍለው የሌለው ሰው እንኳ ቢሆን፥ ከመቈፈሩ በፊት ለአንድ ቀን ባለሙያ ወደ ቦታው ወስዶ ቢያማክር ብዙ ይተርፈዋል።

ሥራው በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ተፈጸመ። አሸንዳው ተሰቀለ፤ ውኃው በቦይ ከግቢው ወጣ፤ በቤቱ ዙሪያ ሰፊ የድንጋይ ንጣፍ ተነጠፈ፤ ባሕር ዛፎቹም ተቈረጡ። ስንጥቆቹ ሁሉ ሲደፈኑ አርክቴክቷ በእናታችን ክፍል ያለው አንዱ እንዳይነካ አዘዘች። በስንጥቁ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ድልድይ የሚሻገር የእጅ መዳፍ የሚያህል ጀሶ ለጠፈችና ሲደርቅ «ኅዳር 2011» ብላ በእርሳስ ጻፈችበት። ምን እንደ ሆነ ብንጠይቃት፥ ጀሶ ደካማ ነገር ስለ ሆነ ግድግዳው ጥቂት እንኳ ቢንቀሳቀስ አስቀድሞ እርሱ እንደሚሰበር፥ ካልተሰበረ ግን ቤቱ እንደ ረጋ እንደሚታወቅ ነገረችን። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣና በጋ ሲጠና ሁለት ጊዜ እንድንመለከተው አዝዛን ሄደች።

እኛ በሥራ ብዛት አንዳንድ ጊዜ እንረሳዋለን። እናታችን ግን ቡናቸው በሚፈላበት በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው፥ የጠዋቱ ፀሐይ በግድግዳው ላይ ሲያርፍ በምርኩዛቸው ጫፍ ጀሶውን ነካ እያደረጉ፥ «ልጄ፥ ማኅተምህ አልተሰበረም፤ ሂድ ወደ ሥራህ» ይሉናል።